ላፒታ ምንድን ነው?

ላፒታ የአንድ ጥንታዊ የሸክላ አሠራር ስም ነው። ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት ሸክላውን በታንኳ ጭነው በሰላማዊ (ፓስፊክ) ውቅያኖስ ከደሴት ወደ ደሴት የተሻገሩት ሰዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ራሳቸውን ማን ብለው ይጠሩ እንደነበር ግን የተረፈ ጽሑፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኤድዋርድ ጊፎርድና ሪቻርድ ሻትለር የተባሉ አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ባለችው በኒው ካሌዶኒያ ደሴት ሲቆፍሩ፣ በአካባቢው ቋንቋ «ጉድጓድ መቆፈር» ማለት የሆነውን ቃል የቦታው ስም መስሏቸው ላፒታ ብለው መዘገቡት። በዚያው ቀረ።

ያገኙት ገል ጥርስ ባለው መሣሪያ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በተወቀረ የነጠብጣብ መስመር ያጌጠ ነበር። ጊፎርድን ያስደነቀው ይኸው ጌጥ ቀደም ሲል በቶንጋም፣ በኒው ጊኒ አቅራቢያ ባለችው በዋቶም ደሴትም መታየቱ ነው። በመካከላቸው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባሕር አለ።

ጌጥ ከሰው ሰው ሊኮረጅ ይችላል፤ አሸዋ ግን አይኮረጅም። ሸክላ ሠሪዎች ጭቃው እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ይደባልቁበታል፤ የየደሴቱ አሸዋ ደግሞ ይለያያል። በቶንጋ ኑኩሌካ ከወጡት ገሎች አንዳንዶቹ በቶንጋ ከቶ የማይገኝ፣ ከሩቅ ምዕራብ የመጣ አሸዋ ይዘዋል። ባልጩቱም እንዲሁ ይመሰክራል፦ በኒው ብሪታንያ ደሴት ከታላሴያ የተነሳ ባልጩት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፊጂ ውስጥ ተገኝቷል።

«ነፋስ ወስዶ ጥሏቸው ይሆናል» የሚለው የቆየ ግምት ለእኔ ፈጽሞ አይዋጥም። በዚያ ባሕር በአብዛኛው የሚነፍሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ እነርሱ የሄዱት ወደ ምሥራቅ። ደግሞም አሣማና ዶሮ፣ የሚተከል ጎደሬም ይዘው ነው የተነሡ። መንገድ የጠፋው ዓሣ አጥማጅ ይህን ሁሉ ጭኖ አይገኝም። ታንኳዎቹ እንጨት ስለሆኑ በስብሰዋል፤ ከቫኑዋቱ ፊጂ ለመድረስ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ባሕር ማለፍ ነበረባቸው።

በቫኑዋቱ ቴኡማ የተባለው መቃብር ሲቆፈር የራስ ቅል በሸክላ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የዘረ መል ምርመራ የሟቾቹን የዘር ሐረግ ከታይዋንና ከፊሊፒንስ ነባር ሕዝቦች ጋር አገናኝቶታል። እንግሊዛዊው ጄምስ ኩክ በ1774 መጥቶ ለኒው ካሌዶኒያ ስም ሲያወጣላት ሰው ከኖረባት ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር፤ «አገኛት» የሚለው ቃል የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

የላፒታ ሰዎች ልጆች በቶንጋና በሳሞአ ከቆዩ በኋላ ሸክላ መሥራት ተዉ። ስለዚህ ዘሮቻቸው ወደ ሃዋይና ወደ ኒውዚላንድ ያደረጉት ጉዞ የሚጠናው በገል ሳይሆን በድንጋይ መጥረቢያ ነው። በደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ባሉት በቱአሞቱ ደሴቶች ከተሰበሰቡት መጥረቢያዎች የአንዱ ድንጋይ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሃዋይዋ ካሆኦላዌ ደሴት የተወሰደ ሆኖ ተገኝቷል።