«ረግረጉን ድፈኑት» ለምትሉን

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ፓርክ ተማሪዎቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ይጠይቀኛል። «ይሄ ቄጠማ ለምን አይታጨድም? የወባ መፈልፈያ እኮ ነው። ተደፍኖ ድንጋይ ቢነጠፍበት ፓርኩ ያምር ነበር።» በቃል መመለሱ ሰልችቶኛል። አሁን በጽሑፍ ልመልስ።

ረግረግ ውስጥ ትንኝ የለም አላልኩም። ግን የአገራችን ዋነኛ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ የምትወደው ፀሐይ የሚመታው ትንሽ ውኃ ነው። ዝናብ ያቆረው ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ። ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር በነጭ ጭልፋ እየቀዳን አየን። ከኮቴው ውኃ የወባ ትንኝ እጮች ወጡ። በውኃው ገጽ ላይ ጋደም ብለው ስለሚንሳፈፉ ወዲያው ይለያሉ፤ የሌላው ትንኝ እጭ ዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። ከቄጠማው መሃል ስንቀዳ ግን ጥፍር የምታክል ዓሣና የውኃ ተርብ ልጆች አገኘን። ሁለቱም እጭ ይበላሉ። ቄጠማው ሲታጨድ የሚባረሩት እነሱ ናቸው። የሚተርፈው የተረገጠ ጭቃ ነው፤ ትንኟ የምትፈልገው።

ደግሞ ከተማ የምትወድ ሌላ የወባ ትንኝ አለች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የምትራባው በበርሜልና በውኃ ታንከር ውስጥ ነው። እባካችሁ፣ ረግረጉን ከመድፈናችሁ በፊት ጓሯችሁ ያለውን በርሜል ክደኑ።

«ሐይቁ ካለ ረግረጉ ምን ያደርጋል?» የሐዋሳ ሐይቅ ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባው አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ደለሉን ዳር ላይ የሚይዘው ቄጠማውና ፊላው ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም የሚራባው በዚሁ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ ያለውን ጨለለቃን አስታውሱ። ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞላውና ረግረግ ሆኖ ቀረ።

«የደረቀ ዛፍ ይቆረጥ።» ሰው ላይ የሚወድቅ ካልሆነ ተዉት። ግንደ ቆርቁር ቤቱን የሚፈለፍለው እዚያ ነው።

«ባሕር ዛፍም ዛፍ ነው።» ረግረግ ዳር አይሆንም፤ ውኃውን ይመጠዋል።

«አባ ኮዳ ቆሻሻ ነው።» የዓሣውን ትርፍራፊ የሚያነሳላችሁ ይሄ ትልቅ ወፍ ነው።

ጉሬዛ ዳቦ ይወዳል የሚባለው ደግሞ ያናድደኛል። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው። ሆዱ የተሠራው ቅጠል ቀስ ብሎ ለማብላላት ነው፤ ዳቦና ብስኩት ያውከዋል። ፎቶ ከፈለጋችሁ ዛፉ ሥር ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጭራው እንደ ነጭ ነጠላ ተንጠልጥሎ፣ ቅርንጫፉን ወደ አፉ እየሳበ ቅጠሉን ሲቀነጥብ ታያላችሁ።