የአንቴና ጌይን ምንድን ነው?

ከቤት ውጭ የሚተከል የቴሌቪዥን አንቴና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመለከተው በካርቶኑ ላይ በዲሲቤል የተጻፈውን የጌይን ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ሳይረዱ ትልቁን መርጦ መግዛት ገንዘብን ከማባከን አልፎ፣ ቀድሞ ይገባ የነበረን ጣቢያ እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ጌይን አንድ አንቴና ከፊት ለፊቱ የሚመጣን ሞገድ ከማነጻጸሪያ አንቴና ይልቅ ምን ያህል አብልጦ እንደሚቀበል የሚገልጽ መለኪያ ነው። 3 ዲሲቤል እጥፍ፣ 10 ዲሲቤል ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። አንቴናው ራሱ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ብረት በመሆኑ ይህን ብልጫ የሚያገኘው ከጎንና ከኋላ የመቀበል አቅሙን ቀንሶ ወደ አንድ አቅጣጫ በመሰብሰብ ነው፤ ስለዚህ ጌይን በጨመረ ቁጥር አንቴናው የሚያየው ስፋት ይጠባል።

ይህ በግልጽ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓናውያኑ ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ ባስተዋወቁት፣ የዓሣ አጥንት በሚመስለው አንቴና ላይ ነው። ከኋላው ሞገዱን የሚመልስ ዘንግ፣ ቀጥሎ ኬብሉ የሚታሰርበት ዘንግ፣ ከዚያ ወደ ፊት በመጠኑ አጠር ያሉ መሪ ዘንጎች ይደረደራሉ። መሪዎቹ ሲበዙ ጌይኑ ያድጋል፤ አንቴናውም በትክክል ወደ ማሰራጫው መዞር ይኖርበታል። ማሰራጫዎቹ በተለያየ አቅጣጫ ለሚገኙበት ቤት መካከለኛ ጌይን ያለው አንቴና የተሻለ ምርጫ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጌይን አንቴናው ለተሠራበት የሞገድ ክልል ብቻ እንደሚያገለግልም መዘንጋት የለበትም። ኬብሉ የሚታሰርበት ዘንግ ርዝመት የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል በመሆኑ፣ ለ200 ሜጋኸርዝ 75 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለ500 ሜጋኸርዝ ደግሞ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ዘንጎቹ ሁሉ አጫጭር የሆኑበት አንቴና እንግዲህ ለዩኤችኤፍ (ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ ላለው ክልል) እንጂ ለቪኤችኤፍ (ከዚያ በታች ላለው ክልል) ጣቢያዎች የተዘጋጀ አይደለም።

በካርቶኑ ላይ 30 ዲሲቤልና ከዚያ በላይ ተጽፎ ሲገኝ ቁጥሩ የአንቴናው ሳይሆን አብሮት የመጣውን ማጉያ የጨመረ መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ረጃጅም የዩኤችኤፍ አንቴናዎች እንኳ በራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲሲቤል ብዙም አያልፉም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስታወቅ ገዢን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ማጉያው ሲግናሉን ከነጫጫታው አብሮ ስለሚያሳድግ አንቴናው ያልያዘውን ሊያመጣ አይችልም። እውነተኛ ጥቅሙ በረጅም ኬብልና በማከፋፈያ ላይ የሚጠፋውን ማካካስ ነው፤ ስለሆነም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሳይሆን ከአንቴናው ሥር መታሰር አለበት። ማሰራጫው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሲግናሉን ከልክ በላይ አሳድጎ መቀበያውን ያውካል።

አንቴናው ተሰቅሎ ሲስተካከልም በዲጂታል ሥርጭት መከታተል የሚገባው በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን የሲግናል ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በተለይ ጥራቱን ነው። ከሕንፃ ወይም ከኮረብታ ተንጸባርቆ የሚመጣ ሞገድ ጥንካሬውን ከፍ አድርጎ ጥራቱን ሊያወርድ ስለሚችል፣ አንቴናውን ቀስ በቀስ እያዞሩ፣ በየመሃሉም ጥቂት ቆም እያሉ፣ ጥራቱ ከፍ በሚልበት ቦታ ማሰር ያስፈልጋል።