ትንሽ ሥዕል በቀጭን ብሩሽ አይሠራም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ላይ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር በሆነች ጣውላ ጀበና ወይም የጦሳን ተራራ በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ያየ ሁሉ አስተያየት አያጣም። ችግሩ አስተያየቱ አምስት ስድስት ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው፤ ያው ይደጋገማል። ከሁሉም ጀማሪን የሚያበላሸው የብሩሹ ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ ሌላውን እንደ ክብደቱ።

«ይቺ ለትልቁ ሙከራ ናት አይደል?»

አይደለችም። ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ (1890–1964 እ.ኤ.አ.) ቦሎኛ ከተማ ተቀምጦ ጠርሙስና ማሰሮ በትንንሽ ሸራ ሲሥል ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ ሥራዎቹን ሙከራ የሚላቸው የለም። «ይቺኑ አሳድገህ ለሳሎን ሥራልኝ» የሚባለውም ከዚሁ ስህተት የመጣ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የነበረች የብሩሽ ምት 2.5 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። እዚያ የጀበና አንገት የነበረችው ምት እዚህ ምንም የማይታይባት ባዶ ቦታ ሆና ቁጭ ትላለች። ትልቅ ከተፈለገ ከመነሻው እንደ አዲስ ይታሰባል፤ ዋጋውም እንደዚያው።

«ትንሽ ሥዕል ቀጭን ብሩሽ ይፈልጋል»

ይህችን ማን እንደጀመራት እንጃ፣ ግን ስንቱን አበላሽታለች! ጀማሪው ዜሮ ቁጥር ብሩሽ ገዝቶ ከጀበናዋ ጆሮ ይጀምራል። ጆሮዋን ሲጨርስ አፏን፣ አፏን ሲጨርስ ስኒውን። ሁለት ሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ የሆነ፣ አብሮ ግን የማይቆም የዕቃ ስብስብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጭን ብሩሽ ብዙ ቀለም ስለማይዝ ቀለሙ ስስ ይሆናል፤ ጠርዙ ሁሉ እኩል ስለት ያወጣል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይን ዕቃውን ብቻ እያየ ጨለማና ብርሃኑን ማየት ያቆማል። ትንሽ ሥዕል ከሦስት ሜትር ርቀት የሚያዘው በጨለማና በብርሃኑ አቀማመጥ ነው፤ ከዚያ ርቀት የጆሮዋን ዝርዝር ማን ያየዋል?

ለ20 በ25 ጣውላ መጀመሪያው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ ነው። ሥራው ሁለት ሦስተኛ እስኪደርስ ከእጅ አይወጣም። ቀጥሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። ቀጭኑ መጨረሻ ላይ ብቻ ይነሳል፤ ለሦስት አራት ምት ብቻ ሠርቶ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ከሠራ ሥዕሉ እየተበላሸ ነው ማለት ነው። የቀለም ስስትም የዚሁ በሽታ ወንድም ነው፤ ቀለም ውድ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ለዚህ መጠን ቲታኒየም ነጭ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከቲዩቡ ተጨምቀው ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ ካልወጡ ብሩሹ ባዶውን ነው የሚፋቀው።

ነጭ ነጠላ ላይ የተቀመጠች ጥቁር ጀበናና አንድ ስኒ እንውሰድ። ብርሃኑ በግራ በኩል ካለ መስኮት ይምጣ። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። ጨለማው የጀበናዋ የቀኝ ጎንና ነጠላው ላይ የጣለችው ጥላ ነው፤ ሁለቱ ከሥር ይገናኛሉ፣ አንድ ላይ በአንድ ቅርጽ ይቀባሉ። ጥቁር ቀለም አያስፈልግም። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር (ጥቁር ቡኒ) ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ ከበቂ በላይ ጨለማ ይሰጣሉ፤ አምበሩን ሲያበዙት ወደ ሙቀት፣ ሰማያዊውን ሲያበዙት ወደ ቅዝቃዜ ይሄዳል። ከቲዩብ የወጣ ጥቁር ይህን መተጣጠፍ አያውቅም፤ ለዚህ ነው ጥቁር ጀበና በጥቁር ቀለም ሲሣል ጣውላው ላይ ቀዳዳ የሚመስለው።

አሁን ጠጋ ብሎ ማየት። የጀበናዋ ግራ ሆድ ላይ መስኮቱ አርፎ የምታበራ ቦታ አለች። ስኒው ነጭ ነው፣ ግን በጥላው በኩል ያለው ጎኑ ከዚያች ብርሃን ይልቅ ይጨልማል። «ነጭ ነው» ብሎ ነጭ የቀባው ሰው ስኒው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። የስኒው ጥላ ጎን ነጭ ላይ ጥቂት ሰማያዊና አምበር ተጨምሮበት ግራጫ ነው። የጀበናዋ ታችኛው ሆድ ደግሞ ከነጠላው የሚመለስ ደብዛዛ ብርሃን ይቀበላል፤ ትንሽ ሞቅ ያለ ቡኒ ነው፣ ከጨለማው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ። ይህች ምት ከበዛች ጀበናዋ ብረት ትሆናለች፤ ካልገባች ደግሞ ክብነቷ ይጠፋል።

መልክዓ ምድርም ላይ ሕጉ ያው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከፍታ፣ ሐረጎ ላይ ቆሞ ወደ ኮምቦልቻ የሚያይ ሰው ባህር ዛፉን ቅጠል በቅጠል ሊሥል ሲነሳ ማየት ያሳዝናል። የባህር ዛፍ ረድፍ በሰፊው ብሩሽ አንድ ምት ነው፤ በላይኛው ጠርዝ ሁለት ቦታ ላይ ሰማዩን አስገብቶ መክፈት ይበቃዋል።

«ለሠዓሊ የሰሜን መስኮት ነው፣ ፀሐይ አይገባበትም»

ይህ አውሮፓ ለተጻፈ መጽሐፍ ልክ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናት። ደሴ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከራሳችን በስተሰሜን ነው የምትሄደው። በግንቦትና በሰኔ ጠዋት በሰሜን መስኮት ተንሸራታ ገብታ ስኒው ላይ ትቀመጣለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥላው ሁሉ ይለወጣል። ከዚያ «ሥዕሌ ለምን ተዘበራረቀ» ይባላል።

አብሽሩ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። በእነዚያ ወራት ዕቃውን ይዞ ወደ ደቡብ መስኮት መዞር፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባው ያኔ በዚያ በኩል ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ደግሞ የሰሜኑ መስኮት መጽሐፉ እንዳለው ይሆናል። ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ካለው አቡጀዲ ወጥሮ መጋረድ ነው፤ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ጥላውም ለስለስ ይላል።

«ሩቅ ተራራ ሰማያዊ ነው»

ሩቅ ከሆነ። ጦሳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው፤ ሰማያዊ የሚቀባው ሰው ተራራውን ሳይሆን የሰማውን ነው የሚሥለው። ጦሳ በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት በማለዳ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመታዋልና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ከፍ ስትል ከገደሎቹ ሥር ጥላ ይወጣል፤ ለሥራ የሚመቸው ያ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትዞር ተራራው አንድ ጨለማ ቅርጽ ሆኖ ይቀራል። የጥላውን ቦታ በመጀመሪያው 15 ደቂቃ ወስኖ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋን አለማሳደድ ነው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ለምትሄድ ነገር ብሩሽ አይደርስም።

ርቀቱም ቢሆን እንደ ወሩ ነው። በመስከረም ዝናቡ አየሩን ስላጠበው ሩቁ ሸንተረር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ በጥርና በየካቲት አቧራው ሲነሳ ሩቁ ወደ ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ፈዛዛ ቢጫ ግራጫ ነው የሚሄደው። ማረጋገጫው የደባለቁትን ቀለም በብሩሹ ጫፍ ይዞ፣ ክንድን ዘርግቶ ከተራራው ጎን ማስተያየት ነው።

«አረንጓዴ በቲዩብ እየተሸጠ ምን ያደክማል?» የቲዩቡ አረንጓዴ ብቻውን ሲቀባ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው። ለባህር ዛፍ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) ላይ አልትራማሪን ጥቂት በጥቂት ጨምሮ በነጭና በትንሽ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡኒ) ማደብዘዝ፤ ለጥድ አልትራማሪን፣ አምበርና ጥቂት ቢጫ። ሁልጊዜ ከቢጫው መነሳት ነው፣ ሰማያዊው አቅሙ ኃይለኛ ስለሆነ በግልባጩ ከሄዱ ቢጫውን ይጨርሳል። የአደይ አበባ ማሳም ከሩቅ ሲታይ ንጹሕ ቢጫ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ይገባበታል።

«የሐይቅ ውሃ ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ነው።» አይደለም። የሚያበራ ነገር ውሃ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ይጨልማል፣ ጨለማው ደግሞ ትንሽ ይፈዛል።

«ፎቶ አንስቼ ቤት እሠራዋለሁ።» ስልኩ ጥላውን ያጠቁረዋል፣ ሰፊ የሚያየው ሌንሱም ተራራውን ያሳንሰዋል። የግድ ከሆነ ሁለት እጥፍ አቅርቦ ማንሳት፣ ቀለሙን ግን እዚያው ቆሞ በወረቀት ላይ መጻፍ።

ስለ ቁሳቁሱ ደግሞ ባጭሩ። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ጀሶ አቡጀዲ ላይ ከተቀባ ጨርቁ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። ለትንሽ ሥዕል ኮምፔንሳቶ ቆርጦ አክሬሊክ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፤ ጀርባውም ካልተቀባ ጣውላው ይቆለመማል። ላምባ የአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ምትክ አይሆንም፤ ቶሎ አይተንም፣ ቅባትም ይተዋል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ የፓልም ዘይት ግን ዓመት ቢጠበቅም አይደርቅም።

«ፀሐይ ላይ አስጥተህ ነገ ቫርኒሽ ቀባው» የሚለው ምክር በውሃ የሚቀጥነው የአክሬሊክ ቀለም ልማድ ነው። ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ላዩ በቀናት፣ ወፈር ያለ ከሆነም በሁለት ሳምንት ገደማ ለእጅ ይደርቃል፤ ለተለመደው ቫርኒሽ ግን ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ይሻላል። እስከዚያ ሁለት ርጥብ ጣውላ ይዞ ከሐረጎ ደሴ መመለስ ግድ ከሆነ፣ ፊት ለፊት አዙሮ በአራቱ ማዕዘን አንዳንድ ቆርኪ መሃል አስገብቶ በገመድ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ የሚነካው ማዕዘኑ ብቻ ስለሆነ እሱን ቤት ገብቶ በአንድ ምት መጠገን ይቻላል።