ጊብሰን ሆል፦ በለንደን እምብርት ፎቅ የሌለው ባንክ

ጊብሰን ሆል የሚገኘው ሲቲ ተብሎ በሚጠራው የለንደን የገንዘብ ሰፈር፣ የቢሾፕስጌት እና የትሬድኒድል ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ ነው። ሕንፃው የናሽናል ፕሮቪንሺያል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ የተገነባው በ1864 እና በ1865 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉን ያወጡት አርክቴክት ጆን ጊብሰን ሲሆኑ ሕንፃው ዛሬ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። በእንግሊዝ የቅርስ ምዝገባ ከፍተኛ በሆነው በአንደኛው ደረጃ ተመዝግቧል። ዙሪያውን በሰማይ ጠቀሶች ቢከበብም ከመንገዱ ሲታይ ከላዩ ፎቅ የለውም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ አዳራሽ ነው።

መሬት በስንዝር በሚሸጥበት ሰፈር እንዲህ ያለ ሕንፃ ለምን እንደተሠራ ለመረዳት የባንኩን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ናሽናል ፕሮቪንሺያል በ1833 ተመሥርቶ ቅርንጫፎቹን በእንግሊዝና በዌልስ የክፍለ ሀገር ከተሞች ከፈተ። የሚመራው ከለንደን ነበር፤ ለንደን ውስጥ ግን ደንበኛ ማስተናገድ አይችልም። እንቅፋቱ ሕግ ነው። የ1826ቱ ሕግ የራሳቸውን የገንዘብ ኖት የሚያወጡ አክሲዮን ባንኮች ከለንደን በ65 ማይል፣ ማለትም በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክልል ውስጥ እንዳይሠሩ ይከለክላል። በዚያ ክልል ኖት የማውጣት መብት የነበረው አክሲዮን ባንክ ዛሬ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ ብቻ ነበር። በኋላ በወጣው ሕግ ኖት የማያወጣ አክሲዮን ባንክ ለንደን መግባት ተፈቀደለት። ናሽናል ፕሮቪንሺያል ግን ከኖቱ የሚያገኘውን ጥቅም መልቀቅ ስላልፈለገ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዋና ከተማዋ ገበያ ውጭ ቆየ። በመጨረሻ በ1866 የኖት መብቱን ለቅቆ በሩን ለለንደን ደንበኞች ከፈተ። አዲሱ ሕንፃ የተዘጋጀው ለዚህ መግቢያ ነው። የቆመውም የእንግሊዝ ባንክ ራሱ ባለበት በትሬድኒድል ጎዳና ጫፍ ላይ ነው፤ ባላንጣው ማን እንደሆነ ላየ ሁሉ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ይህ ግርማ የነባር ባለጸጋ ሳይሆን አዲስ የገባ እንግዳ ግርማ ነው። በለንደን በትውልድ የሚተላለፍ ስም የነበራቸው የግል ባንክ ቤተሰቦች ሥራቸውን ለረጅም ጊዜ ያከናወኑት ከመኖሪያ ቤት ብዙም በማይለዩ ሕንፃዎች ውስጥ ነበር፤ ስማቸው ይበቃቸዋል። ባለቤቶቹ በየአገሩ የተበተኑ ባለአክሲዮኖች የሆኑበት ባንክ ግን የሚያሳየው ፊት አልነበረውም። የአስቀማጭን ገንዘብ ከኪሳራ የሚሸፍን የመድን ዋስትናም በዚያ ዘመን አልነበረም። በዚያው በ1866 ግንቦት ኦቨረንድ ጉርኒ የተባለው ታላቅ የገንዘብ ተቋም ወድቆ ሲቲን ሲያናውጥ፣ ሰው ባንኩን የሚመዝነው በወሬና በዓይኑ ነበር። ለዓይኑ የቀረበለት ደግሞ ድንጋይ ነው።

ድንጋዩም ብዙ ይናገራል። ፊቱ ቀጥ ብሎ በቢሾፕስጌት በኩል ይሄድና ወደ ትሬድኒድል ሲደርስ ጥጉን በክብ ይዞራል። አናታቸው ቅስት በሆኑ ረጃጅም መስኮቶች መካከል ግዙፍ የቆሮንቶስ ዓምዶች ተደርድረዋል። የቆሮንቶስ ዓምድ የሚታወቀው በአናቱ ነው፤ ጠርዛቸው የተሰነጣጠቀ የአካንቱስ ቅጠሎች በደረጃ ተደራርበው ወደ ውጭ ይታጠፋሉ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ጥቅልሎች ይወጣሉ። ከጥንታውያን የግሪክ የዓምድ ዓይነቶች ሁሉ ለጠራቢው ብዙ ሰዓት የሚፈጀው፣ ለአሠሪውም ውድ የሚሆነው ይህ ነው። ከዓምዶቹ በላይ፣ በጣሪያው ጠርዝ፣ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ባንኩ የሚሠራባቸውን አገሮችና ከተሞች፣ የሚያበድራቸውንም የሥራ ዘርፎች ይወክላሉ።

ለእኔ የሕንፃው ዋና ሀብት ዓምዶቹ አይደሉም፤ ዓምድማ በየባንኩ ሞልቷል። ከመስኮቶቹ በላይ የተቀመጡት የጆን ሃንኮክ ቅርጻ ቅርጾች ይበልጣሉ። ጥበብ፣ ንግድ፣ ሳይንስ፣ ፋብሪካ፣ ግብርና፣ መርከብ ነጂነት፣ መርከብ ሥራና ማዕድን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰሌዳ አላቸው። ልብ ሊባል የሚገባው የዘርፎቹ ምርጫ ነው። ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ፣ እርሻውና የማዕድን ጉድጓዱ፣ ወደ ከተማ መጥቶ በባንኩ ግንባር ላይ ተሰቅሏል። ለክፍለ ሀገር ባንክ ከዚህ የተሻለ መታወቂያ አይገኝም። በእርግጥ ቅርጾቹ ሥራን አስውበው ነው የሚያሳዩት፤ በዚያ ዘመን ማዕድን ውስጥ የነበረውን ጉስቁልና እዚያ የሚፈልግ አያገኘውም።

ፎቅ አለመኖሩ በውስጥ በኩል ጥቅም አለው። በጠባብ ጎዳናዎች መካከል ያለ ሕንፃ ከመስኮት የሚያገኘው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በብዕር የሂሳብ መዝገብ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ግን ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። ጊብሰን መልሱን ከላይ አመጡት። የአዳራሹን ጣሪያ በመስታወት ጉልላቶች ከፈቱት፤ የሰማይ ብርሃንም በቀያይ የእብነ በረድ ዓምዶች መካከል ወደ ወለሉ ይወርዳል።

ጊብሰን (1817 እስከ 1892) ሙያውን የተማሩት የእንግሊዝ ፓርላማን ሕንፃ ከነደፉት ከቻርልስ ባሪ ዘንድ ነው። በግላስጎው የስኮትላንድ ናሽናል ባንክን ሕንፃ የሠሩት ገና በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ ሲሆን፣ ያ ሕንፃ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድንጋዩ እየተነቀለ ወደ ሌላ ሰፈር ተወስዶ እንደገና ተተክሏል፤ ዛሬ ላንግሳይድ ሆልስ ይባላል። ለናሽናል ፕሮቪንሺያልም በየከተማው በርካታ ቅርንጫፎችን ነድፈዋል። በ1890 የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

የቢሾፕስጌቱ ሕንፃ በ1878 በዚያው ስልት ተራዘመ፤ አዲሱን ክፍል ከአሮጌው ለመለየት ቀረብ ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። ትልቁ አደጋ የመጣው ከጠላት ሳይሆን ከባለቤቱ ነው። ናሽናል ፕሮቪንሺያል ከዌስትሚንስተር ባንክ ጋር ተዋህዶ ናትዌስት የሚለውን ስም ከያዘ በኋላ በዚያው አካባቢ ሰማይ ጠቀስ ዋና መሥሪያ ቤት ለመሥራት ተነሣ። በመጀመሪያው ዕቅድ የጊብሰን ሕንፃ መፍረስ ነበረበት፤ ተቃውሞ ተነሥቶ ዕቅዱ ተለወጠና ማማው ከጀርባው ቆመ። በሪቻርድ ሳይፈርት የተነደፈው 183 ሜትር ማማ በ1981 ተመርቆ እስከ 1990 በብሪታንያ ረጅሙ ሕንፃ ነበር። ባንኩ ግን ማማውንም ለቆ ወጣ፤ አሁን ታወር 42 ይባላል።

የጊብሰን አዳራሽ ዛሬ ለግብዣና ለስብሰባ ይከራያል። የሃንኮክን ቅርጾች ማየት ለሚፈልግ ግን ትኬትም ቀጠሮም አያስፈልገውም፤ ከቢሾፕስጌት ማዶ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ሰሌዳዎቹን ከጥጉ ጀምሮ አንድ በአንድ ማንበብ ይችላል።