የዲዛይነር አደንዛዥ ዕፆች ወንጀልና ቅጣት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ

ዲዛይነር ድራግ የሚባለው የታገደ አደንዛዥ ዕፅ ኬሚካላዊ ቅርጹ በጥቂቱ ተነካክቶ የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ያው ነው፤ ስሙ ግን ከታገዱት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የአሜሪካ ሕግ ይህን ማምለጫ ለመዝጋት ከ40 ዓመት በላይ ሲሞክር ቆይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970 የወጣው የአገሪቱ ዋና የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ዕፆችን በአምስት ሰንጠረዥ ይመድባል። ሰንጠረዥ 1 ላይ የሚሰፍሩት ለሱስ በእጅጉ የሚያጋልጡና ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የሌላቸው የተባሉት ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ ያልተጻፈን ነገር መሸጥ ግን በዚህ ሕግ አያስከስስም ነበር። ኬሚስቶቹ የተጠቀሙበትም ይህንኑ ነው።

መዘዙ የታየው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በ1982 ሄሮይን መስሏቸው አንድ ዱቄት የወሰዱ ወጣቶች ሰውነታቸው ደርቆ፣ መናገርም መንቀሳቀስም ተስኗቸው ሆስፒታል ገቡ። የነርቭ ሐኪሙ ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ሲያጣሩ፣ ኤምፒፒፒ የተባለ ሰው ሠራሽ ዕፅ ሲዘጋጅ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ አብሮ ተፈጥሮ ነበር። መርዙ የአንጎል ሴሎችን ገድሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አዛውንቶችን የሚይዘውን የፓርኪንሰን ሕመም በወጣቶቹ ላይ አመጣ። ኤምፒፒፒ ራሱ ሰንጠረዥ 1 ላይ የሰፈረው በ1985 ነው። እነዚያ ልጆች ሲታመሙ፣ የወሰዱት ዕፅ በታገዱት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ኮንግረስ ሁለት መንገድ ከፈተ። በ1984 አስፈጻሚው አካል አደገኛ ያለውን ንጥረ ነገር በአስቸኳይ፣ ለጊዜው እንዲያግድ ሥልጣን ተሰጠው። በጥቅምት 1986 ደግሞ የአምሳያዎች ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ አንድ ንጥረ ነገር በኬሚካላዊ ቅርጹ በሰንጠረዥ 1 ወይም 2 ላይ ካለ ዕፅ ጋር በእጅጉ ከተመሳሰለ፣ በውጤቱም ከተመሳሰለ ወይም እንዲህ ያደርጋል ተብሎ ከቀረበ፣ ሰው እንዲወስደው እስከታሰበ ድረስ እንደ ሰንጠረዥ 1 ዕፅ ይቆጠራል።

«በእጅጉ መመሳሰል» የሚለውን ሐረግ ግን ሕጉ በሳይንስ መለኪያ አልፈታውም። በ1992 ኮሎራዶ ውስጥ በታየ አንድ መዝገብ የመንግሥት ኬሚስቶች እርስ በርስ እንኳ ስላልተስማሙ፣ ዳኛው ሕጉ ለቀረበው ንጥረ ነገር ግልጽነት ይጎድለዋል ብለዋል። ሻጮቹ በበኩላቸው «ሰው እንዲወስደው» የሚለውን ሐረግ ለማምለጥ ሞከሩ። በነዳጅ ማደያ ሱቆችና በሲጋራ መሸጫዎች የተደረደሩት አብረቅራቂ ከረጢቶች «የመታጠቢያ ጨው»፣ «የተክል ማዳበሪያ»፣ «ዕጣን» እየተባሉ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል «ለሰው ፍጆታ አይደለም» ተብሎ ይጻፍባቸው ነበር። ከቡና ጋር ዕጣን ሲጨስ ላደገ አንባቢ ይህ ስም ማሳሳቱ አይቀርም። «ዕጣን» በተባለው ከረጢት ውስጥ የነበረው የላብራቶሪ ኬሚካል የተረጨበት የደረቀ ቅጠል ነው። ጽሑፉም ሻጩን አያድንም፤ ዳኞች የሚመረምሩት ሻጩ ዕቃውን ለምን እንዳቀረበው ነው።

ይህ በደንብ የታየው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2015 በወሰነው የማክፋደን መዝገብ ነው። ተከሳሹ ቨርጂኒያ፣ ቻርለትስቪል ውስጥ ላለች የቪዲዮ ኪራይ ቤት ባለቤት «የመታጠቢያ ጨው» ያቀርብ ነበር። ከረጢቶቹ ያንኑ የማስተባበያ ጽሑፍ ይዘው፣ እሱ ግን ዱቄቱን ከኮኬይን ጋር እያወዳደረ ያስተዋውቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹን ማወቅ ማስረዳት አለበት አለ። ሁለት መንገድም አስቀመጠ፦ ወይ ተከሳሹ የያዘው ነገር በሕግ የታገደ መሆኑን ማወቁ፣ ወይም የሕጉን ስም ባያውቅም አምሳያ የሚያሰኙትን ባሕርያት ማወቁ። «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት አያዋጣም፤ «ዕቃው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር» የሚለው ግን እውነተኛ መከላከያ ነው።

ቅጣቱ ከባድ ነው። አምሳያ ዕፅን መሥራት፣ ማከፋፈል ወይም ለማከፋፈል ይዞ መገኘት እስከ 20 ዓመት እስራትና ለግለሰብ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ያስከትላል። በወሰደው ዕፅ ምክንያት ሰው ከሞተ ወይም ከባድ ጉዳት ከደረሰበት መነሻው 20 ዓመት፣ ጣሪያው ዕድሜ ልክ ነው። ለራስ ብቻ ይዞ መገኘት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1 ዓመት እስራትና ቢያንስ 1,000 ዶላር ነው። ፈንታኒል የተባለው ኃይለኛ ሰው ሠራሽ የሕመም ማስታገሻ አምሳያዎች ላይ ሕጉ ይበልጥ ይጨክናል፤ 10 ግራም ቢያንስ 5 ዓመት፣ 100 ግራም ቢያንስ 10 ዓመት ያስቀጣል። የሚመዘነው የዱቄቱ ቅልቅል በሙሉ እንጂ ውስጡ ያለው ንጹሕ ዕፅ ብቻ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ የፈንታኒል ቤተሰብ በጥቅል በጊዜያዊ እገዳ ሥር ቆይቶ፣ በሐምሌ 2025 በወጣ ሕግ በቋሚነት ሰንጠረዥ 1 ገብቷል።

ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ቤተሰብ ለኛ ቅርብ ነው። የ«መታጠቢያ ጨው» ዱቄቶች፣ ሜፌድሮንና ኤምዲፒቪን ጨምሮ፣ ጫት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው የካቲኖን ሰው ሠራሽ ዘመዶች ናቸው። ካቲኖን ራሱ ከ1993 ጀምሮ ሰንጠረዥ 1 ላይ አለ። ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓጓዘውም ካቲኖን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው። ካቲን ሰንጠረዥ 4 ላይ ስለሆነ የቅጣት ጣሪያው 5 ዓመት ነው። ቃሚው «ለጋ ነው» ብሎ የሚመርጠውን ጫት ሕጉም አጥብቆ የሚቀጣው እሱኑ ነው። ሰንጠረዡ «ጫት» የሚል ቃል የለውም። በዚህም የተነሳ ስድስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005፣ ጫት በማስገባት የተፈረደበት ሰው የታገደ ነገር እንዳለበት ማወቁ አልተረጋገጠም ብሎ ፍርዱን ሽሯል። ሌሎች ብዙዎች ግን በዚሁ ቅጠል ታስረዋል።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ሄደዋል። እስራኤል በየኪዮስኩ ይሸጥ የነበረውን «ሀጊጋት» የተባለ የካቲኖን እንክብል በ2004 አግዳ ቅጠሉን መቃም ግን አልከለከለችም። ብሪታንያ በተቃራኒው ጫትን በሰኔ 2014 አገደች፤ በ2016 ደግሞ አእምሮ የሚለውጥን ማንኛውንም ንጥረ ነገር ማቅረብ፣ በሕግ ከተፈቀዱት በቀር፣ እስከ 7 ዓመት እንዲያስቀጣ ደነገገች። በዚህ ሕግ ለራስ ይዞ መገኘት፣ እስር ቤት ውስጥ ካልሆነ፣ ወንጀል አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ላላገኘ ሰው ከእስሩ የሚብሰው መባረሩ ነው። ለራስ መጠቀሚያ ከተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና አንድ ጊዜ ከመገኘት በቀር፣ በፌዴራል ሰንጠረዥ ላይ ካለ ዕፅ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው ያስባርራል። ጠበቃ ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል። እዚህ ላይ ክልሎች በየራሳቸው የሚያወጡት ዝርዝር ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንዳንድ ክልል ፌዴራሉ ያላገደውን ንጥረ ነገር ያግዳልና። በካንሳስ የተቀጣ ቱኒዚያዊ ነዋሪ ካልሲው ውስጥ አዴራል የተባለ አነቃቂ መድኃኒት አራት ክኒን ሸሽጎ ተይዞ፣ «ዕፅ መያዣ ዕቃ» በመያዝ ጥፋተኛ ተባለ፤ ዕቃው ካልሲው ነበር። ከአገር ከተባረረ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 የመባረር ውሳኔውን ሻረው። የካንሳስ ዝርዝር በፌዴራል ሰንጠረዥ የሌሉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚጨምርና የጥፋተኝነቱ መዝገብ የዕፁን ስም ስላልጠቀሰ፣ ቅጣቱ ከፌዴራል ዕፅ ጋር መያያዙ አልታየም ተብሎ ነው።