የሕፃን አእምሮ እውነት ባዶ ወረቀት ነው?

«ሕፃን ምን ያውቃል? ባዶ ወረቀት ነው፤ የምትጽፍበት አንተ ነህ።» ይህን ከወላጅም ከመምህርም ሰምቼዋለሁ። ልጅ አያያዛችንን ስለሚያበላሽ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ባዶ ነው ያለው እኮ ሎክ ነው!»

በዚህ መልኩ አላለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1690 መጽሐፉ አእምሮን ከነጭ ወረቀት ጋር ሲያመሳስል የተከራከረው፣ ሰው እውቀት ይዞ ይወለዳል ከሚሉት ጋር ነበር። የማስተዋልና የማነጻጸር ችሎታን ግን አልካደም። እንዲያውም ሕፃን ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለ ረሃብንና ሙቀትን ሊያውቅ እንደሚችል ጽፏል።

«አራስ ልጅ ማንንም አይለይም።»

ይለያል። በ1980 በወጣ ጥናት፣ 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የጎማ ጡት ሲጠቡ በመሀል የሚያርፉበት ጊዜ ርዝመት የትኛው ድምፅ እንደሚሰማቸው ይወስን ነበር፤ እነሱም ይህን ጊዜ እየቀያየሩ የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ መርጠው አዳምጠዋል።

«ልጅ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ለሁለት ዓመት ልጅ ውሻ ማለት ምን እንደሆነ ተንትኖ ያስረዳ ማን አለ? «ውሻ!» ብለን እንጠቁማለን፣ በቃ። ከዚያ ልጁ በግ ያይና «ውሻ!» ይላል፤ ፍየሏንም፣ ጥጃውንም። እኛ እንስቃለን። እሱ ግን አራት እግሩን፣ ጅራቱን፣ ፀጉሩን አስተያይቶ፣ የሚመሳሰሉበትን ለቅሞ፣ ማንም ሳያሳየው አንድ ምድብ ሠርቷል፤ «ይሄማ በግ ነው፣ ባአ ይላል» ስንለው ደግሞ ምድቡን ለሁለት ይከፍለዋል። ጽንሰ ሐሳብ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስለዚህ በጉን ውሻ ሲል እባካችሁ አትቆጡት፣ ልዩነቱን አሳዩት።

«ዓይን ጤነኛ ከሆነ ማየት በራሱ ይመጣል።»

በ1688 የደብሊኑ ዊልያም ሞሊኑ ለሎክ አንድ ጥያቄ ላከ፦ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ፣ ኳስና ሳጥንን በመዳሰስ የሚለይ ሰው፣ ድንገት ቢበራለት ሳይነካ ይለያቸዋል? ሁለቱም «አይለይም» አሉ። መልሱ በሙከራ የታየው በ2011 ነው። የአእምሮ ተመራማሪው የፓዋን ሲንሃ ቡድን ሕንድ ውስጥ ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ፣ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 5 ልጆች ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ፈተናቸው። በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይን መለየት አቃታቸው፣ በግምት ከመመለስ ብዙም አልተሻሉም። ደስ የሚለው፣ በድጋሚ የተፈተኑት በቀናት ውስጥ በጣም ተሻሽለው መገኘታቸው ነው።

«ቋንቋ ለማስለመድ ገና ጊዜ አለ።»

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። እንግሊዝኛ ብቻ በሚሰሙ ሕፃናት ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከ6 እስከ 8 ወር ያሉት የሂንዲን ድምፆች ይለዩ ነበር፤ ዓመት ሲጠጉ ግን ችሎታው በጣም ይቀንሳል። የእኛዎቹ «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ»ም ለጆሮ የቀረቡ ድምፆች ናቸው። ልጁ አፍ እስኪፈታ አትጠብቁ፤ ዳይፐር ስትቀይሩለት፣ ስታጥቡት፣ ስታበሉት በአማርኛ አውሩት።