ኮልድ ቼይን ምንድን ነው?

ለአክስቴ ኢንሱሊን ልገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያዋ ፍሪጁን ልትከፍት ስትል በሩ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ዓይኔ ገባች። የፍሪጁ ሙቀት በዲግሪ የሚጻፍባት ናት፤ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ አላት። ከላይ እስከ ታች 5፣ 5፣ 5 ተሞልታለች፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። ዕለቱ 22 ነበር። ወረቀቷ ግን እስከ 30 ድረስ ተሞልታ አልቃለች!

ምንም አልተናገርኩም። ሰበብ ፈልጌ ሳልገዛ ወጣሁ።

ያቺ ወረቀት የኮልድ ቼይን ምስክር ናት። በአማርኛ «የቅዝቃዜ ሰንሰለት» ይሉታል፤ ባለሙያዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮልድ ቼይን ነው የሚሉት። ሙቀት የሚያበላሸው መድኃኒት ከፋብሪካ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ታማሚው እጅ እስኪገባ ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥበት የሚደረግበት አሠራር ነው። ለአብዛኞቹ ልኩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ኢንሱሊን፣ አብዛኛው ክትባት፣ እናቶች ከወለዱ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈሳቸው የሚሰጠው ኦክሲቶሲን፣ አንዳንድ የዓይን ጠብታዎችም እዚህ ውስጥ ናቸው። አውሮፕላኑ፣ መጋዘኑ፣ የማከፋፈያው መኪና፣ የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ፣ እናንተ የያዛችሁት ፌስታል፣ ሁሉም የሰንሰለቱ ቀለበቶች ናቸው።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። የተቀቀለ እንቁላል ቢያቀዘቅዙት ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ በሙቀት የተጎዳ ኢንሱሊንም ፍሪጅ ስለገባ አይድንም። ችግሩ፣ ብልቃጡን አይታችሁ ብዙ ጊዜ መለየት አትችሉም። አክስቴ መጠኑን ሳያዛንፉ ይወጋሉ፣ ስኳራቸው ግን አልወርድ ይላል። ከዚያ «ምን በልተው ነው?» እያልን እሳቸውን እንነዘንዛለን።

ሰው ሁሉ ሙቀትን ይፈራል። እኔ የበለጠ የምፈራው በረዶውን ነው። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወሰድም፤ ይጣላል። የቤት ፍሪጅ ደግሞ ለዚህ አይመችም። ከበረዶ ቤቱ ሥር ያለው ቦታና የኋላ ግድግዳው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የበሩ መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከነካርቶኑ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ሳይነካ። የሠራተኛ ምሳና ለስላሳ መጠጥ የገባበት ፍሪጅ ካያችሁ፣ በሩ በቀን ስንቴ እንደሚከፈት ገምቱ።

ቴርሞሜትሩም ቢሆን ዝም ብሎ የአሁኑን ብቻ የሚያሳይ አይበቃም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሊነጋ ሲል ቢመጣ፣ ጠዋት የምታነቡት 5 ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግራችሁም። ደህናው ቴርሞሜትር ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መዝግቦ ያቆያል። ሌሊት 14 ደርሶ ከነበረ ያጋልጣል። ያንን በቀን ሁለቴ አንብቦ መጻፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ክትባት ላይ ሌላ ብልሃት አለ። ብዙ የክትባት ብልቃጦች ላይ ክብ ውስጥ ያለ ትንሽ አራት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ሙቀት በነካው ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል። ከክቡ ቀለም ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከበለጠ ብልቃጡ ይጣላል። መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ1996 እ.ኤ.አ.፣ በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ ነው። መድኃኒት ቤት የምንገዛው ኢንሱሊን ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ያለን ወረቀቷ ብቻ ናት።

ቤት ከገባ በኋላስ? እዚህ ላይ ትንሽ ዘና በሉ። የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል። እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ለብዙዎቹ 28 ቀን ነው፤ ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መመሪያ ይነግራችኋል። ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የሙቀቱን ሁኔታ የለኩት ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ፍሪጅ ለሌለው ሰው ትልቅ ዜና ነው። እርጥብ የሸክላ ማሰሮም ይረዳል። ይህ ግን ለወራት ክምችት ለሚይዝ መድኃኒት ቤት ፈቃድ አይደለም።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ኢንሱሊን ለምትልኩ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። ከሻንጣ ጋር አታስጭኑት። ዕቃ የሚጫንበት የአውሮፕላኑ ክፍል ቅዝቃዜ ሊያረጋው ይችላል። መንገደኛው በእጅ ቦርሳው ይያዘው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ሌላ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፍሪጁ አሮጌ ነው፣ በሩም ትንሽ ተቧጭሯል። የወረቀቷ ቁጥሮች 4፣ 6፣ 5፣ 7 እያሉ ይሄዳሉ። አንዱ የሠንጠረዡ ሳጥን ውስጥ 11 ተጽፎ በቀይ ተከቧል። አጠገቡ «መብራት ጠፋ፣ ወደ በረዶ ሳጥን ተዛወረ» ይላል፤ ሰዓትና ፊርማም አለው።

እዚያ ነው የገዛሁት።